ያለቀውን ፋይል ቁጠሩ፦ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር አቅም እንዴት ይለካል?

(በኔትወርክ እና በሲስተም አስተዳደር ባለሙያዎች መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቃቅን እርማቶች በስተቀር እንደተነገረ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራን እና ክቡራት፣ እንደምን አላችሁ? ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በተረኝነት አድራችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በመካከል ማንቂያ የሚደርሰው ሰው ካለ ወጥቶ ሥራውን ይመልከት፤ አልቀየምም፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር የሚያስተዳድር እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ ያንን ሰርቨር በመከታተያ ሶፍትዌር የሚከታተል እጁን አያውርድ። አሁንም ብዙ ናችሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ ትናንት ሌሊት ስንት ፋይል ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ እንደቀረ የሚያሳይ ግራፍ ያለው ሰው እጁን እንዳወጣ ይቆይ።

ብዙ እጆች ወረዱ። እኔም ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች ሦስተኛ ጥያቄ ልነግራችሁ ነው።

የመከታተያ ሰሌዳችን ላይ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ምን እየነገረን ነው? ሰርቨሩ ለፒንግ፣ ማለትም መኖሩን ለሚጠይቅ አጭር መልእክት፣ ይመልሳል፤ እውነት ነው። የሰርቨሩ መግቢያ በር፣ ፖርት 21፣ ክፍት ነው፤ እውነት ነው። በመስመሩ ላይ በሰከንድ ይህን ያህል ሜጋቢት እያለፈ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከሰርቨሩ ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀም። የጠየቀው ፋይሉ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይበላሽ፣ በሰዓቱ መድረሱን ነው። እኛ ደግሞ ሳንለካ የቀረነው በትክክል እሱን ነው። ለዚህ ነው ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ተጠቃሚው በየቀኑ የሚማረረው።

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ የምንለካው ምን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ከየት ሆነን በምን እንደምንለካው፤ ሦስተኛ፣ የተገኘውን ቁጥር እንዴት እንደምናነብ። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

አንደኛ፣ የምንለካው ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከፕሮቶኮሉ ልነሣ። ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፋይል ሲለዋወጡ የሚከተሉት ደንብ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። አብሃይ ቡሻን የተባለው ባለሙያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ የመጀመሪያውን ረቂቅ የኢንተርኔት ደንቦች ከሚወጡባቸው የአርኤፍሲ ሰነዶች አንዱ በሆነው በአርኤፍሲ 114 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ዛሬ ዳታን ሳይጎድል የሚያደርስልን ቲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ገና ሳይወለድ ማለት ነው። አሁንም ድረስ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው አርኤፍሲ 959 ደግሞ በጆን ፖስቴል እና በጆይስ ሬይኖልድስ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ያን ጊዜ የተወሰነ አንድ ውሳኔ የዛሬውን ልኬታችንን ስለሚያወሳስብ ነው።

ውሳኔው ይህ ነው፦ ኤፍቲፒ አንድ ፋይል ለማስተላለፍ ሁለት ግንኙነት ይከፍታል። አንደኛው የትእዛዝ ግንኙነት ነው። ክላየንቱ፣ ማለትም በተጠቃሚው ወገን ያለው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚውን የሚያስተዋውቀው፣ ፋይል የሚጠይቀው፣ ሰርቨሩም ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ የሚመልሰው በዚህ ነው። ሁለተኛው የዳታ ግንኙነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ፋይሉ ሲያልቅ ይዘጋል። ልብ በሉ፦ ባይቶቹ የሚያልፉት በሁለተኛው ነው፤ "ዝውውሩ ተጠናቅቋል" የሚለው 226 ቁጥር ኮድ የሚመጣው ግን በአንደኛው ነው። ባይቶቹ ሁሉ ደርሰው ሳለ ማረጋገጫው ላይደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ እውነት ይሆናል እንዴ? ይሆናል። አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ።

በአንድ ወቅት የአንድ ድርጅት ባለሙያዎች እገዛ ጠየቁኝ። በየሌሊቱ ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ማዕከል አንድ ትልቅ የመጠባበቂያ ፋይል ይላካል። የመስመሩ ግራፍ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ጣሪያ ነክቶ ያድራል፤ ጠዋት ሠራተኞች ሲገቡ ኔትወርኩ ገና አልለቀቀም። ሁሉም የደረሰበት መደምደሚያ አንድ ነበር፤ መስመሩ ጠቧል። መስመሩ በእጥፍ አደገ። ግራፉም ወዲያው ተስተካከለ፤ የሌሊቱ ሥራ በጊዜ ማለቅ ጀመረ፣ ሁሉም ደስ አለው። ወራት አልፈው ፋይሉ እያደገ ሲሄድ ግን ያ ችግር በነበረበት መልኩ ተመለሰ፤ ግራፉ እንደገና እስከ ንጋት ጣሪያ ነካ። ያን ጊዜ ነው የጠሩኝ።

የሰርቨሩን የዝውውር መዝገብ ከፈትን። በዚያ አንድ ሌሊት ያው ፋይል፣ በአንድ ዓይነት ስም፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ ደጋግሞ ገብቷል፤ በእያንዳንዱ የመዝገቡ መስመር መጨረሻ ላይም "ተጠናቅቋል" የሚል ምልክት አለ። የክላየንቱን መዝገብ ስናይ ደግሞ በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ "ምላሽ አልመጣም፣ ጊዜው አልፏል" ይላል። ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ምስክርነት። የሰርቨሩ ክፍል "እኛ ዘንድ ችግር የለም" ይላል፤ የቅርንጫፉ ክፍል "ፋይሉ አልሄደም" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

በሁለቱም ጫፍ ዋየርሻርክ የተባለውን የኔትወርክ መመርመሪያ አስቀምጠን ፓኬቶቹን፣ ማለትም ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ጥቅሎች፣ ያዝን። ፋይሉ በዳታው ግንኙነት እየፈሰሰ ሳለ የትእዛዙ ግንኙነት ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ በዚያ በኩል የሚነገር ነገር የለምና። በመካከል ያለው ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርኩ ጠባቂ መሣሪያ፣ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ያለን ግንኙነት ከሠንጠረዡ ይሰርዛል፤ ሥራው ነው። ፋይሉ አልቆ ሰርቨሩ 226 ብሎ ሲልክ ፋየርዎሉ ያንን ግንኙነት ረስቶታል፤ ፓኬቱን ይጥለዋል። ሰርቨሩ ደግሞ ይልካል፣ ደግሞ ይጣላል። ክላየንቱ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፤ ስክሪፕቱም ፋይሉን ከመጀመሪያው እንደገና ይልካል። እስኪነጋ እንዲህ ነው። መስመሩ በእጥፍ ሲያድግ ችግሩ የጠፋው ፋይሉ የፋየርዎሉ ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ ስለቻለ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ምን ነበር? ክላየንቱ በትእዛዙ ግንኙነት ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሕይወት ምልክት እንዲልክ ማድረግ። ሊኑክስ ላይ የቲሲፒ የሕይወት ምልክት ሳይነካ ከተተወ መጀመሪያ የሚላከው ግንኙነቱ ለ7,200 ሰከንድ፣ ማለትም ለሁለት ሰዓት ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ ብዙ ፋየርዎል ይህን ያህል አይታገሥም። አንድ ቁጥር ተቀየረ፣ የሌሊቱ ሥራ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ የመስመር ግራፍ ስህተት ነበረው? አልነበረውም። እያንዳንዱን ባይት በትክክል ቆጥሯል። የቆጠረው ግን የሰርቨሩን ልፋት እንጂ የሰርቨሩን ውጤት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተጀመሩ ዝውውሮች ስንት ናቸው፣ በሁለቱም ወገን ስምምነት የተጠናቀቁትስ ስንት ናቸው? የተላለፈ ባይት አትቁጠሩ አልልም፤ ቁጠሩ። ግን ከጎኑ ያለቀውን ፋይል ቁጠሩ። በግራፉ ላይ ብዙ ባይት እያለፈ ጥቂት ፋይል የሚያልቅ ከሆነ፣ ያ ክፍተት ራሱ ማንቂያ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ የኤፍቲፒ ሰርቨሮች በመዝገባቸው ውስጥ ዝውውሩ የፈጀውን ሰከንድ፣ የፋይሉን መጠን፣ የላኪውን አድራሻ፣ መጠናቀቁን ወይም መቋረጡን ይጽፋሉ። መዝገቡ አለ፤ የሚያነብለት ግን የለም። የመከታተያ ሶፍትዌራችሁ ያንን መዝገብ እንዲያነብ አድርጉት። ከመልስ ኮዶቹም ጥቂቶቹን ለይታችሁ ቁጠሩ። 425 ሲበዛ የዳታ ግንኙነት መክፈት አልተቻለም ማለት ነው፤ በአብዛኛው የፋየርዎል ወይም ለዳታ የተመደቡት ፖርቶች የማነስ ጉዳይ ነው። 426 ሲሆን ዝውውሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። 421 ሲሆን ሰርቨሩ አገልግሎት መስጠት አልቻለም፤ ብዙ ጊዜ የተፈቀደው የተጠቃሚ ብዛት ስለሞላ ነው። 530 የመግቢያ ችግር ነው፤ በድንገት ሲበዛ ወይ የይለፍ ቃል ተቀይሯል ወይም በር እያንኳኳ ያለ ሰው አለ። 552 ደግሞ የተመደበው የዲስክ ቦታ ማለቁን ይናገራል።

ወደ ሁለተኛው መለኪያ ልሂድ፤ ጊዜ። "ሰርቨሩ ቀርፋፋ ነው" የሚል አቤቱታ ሲመጣ ምኑ ነው የቀረፈፈው ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ዝውውር አንድ ድርጊት አይደለም። መጀመሪያ የሰርቨሩ ስም ወደ አይፒ አድራሻ ይፈታል፤ ቀጥሎ የቲሲፒ ግንኙነት ይመሠረታል፤ ሰርቨሩ 220 ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የተጠቃሚ ስም እና የይለፍ ቃል ይቀርባል፣ 230 ይመጣል፤ የዳታ ግንኙነት ይከፈታል፤ ባይቶቹ ይፈስሳሉ፤ በመጨረሻ 226 ይደርሳል። የእያንዳንዱን ደረጃ ጊዜ ለየብቻ መዝግቡ። ጠቅላላውን ጊዜ ብቻ የያዘ ሰው መዘግየቱን ያውቃል፣ የዘገየበትን ቦታ ግን አያውቅም።

ይህን ባደረግንበት አንድ ቦታ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ተጠቃሚዎች "ሰርቨሩ ያቃስታል" ይላሉ። አስተዳዳሪዎቹ ትልቅ ፋይል እየጫኑ ፍጥነት ይለካሉ፤ ፍጥነቱ እጅግ ጥሩ ነው። ደረጃዎቹን ለያይተን ስንለካ የቲሲፒው ግንኙነት በሚሊሰከንዶች ይመሠረታል፤ ከዚያ እስከ 220 ሰላምታ ድረስ ግን አሥር ሰከንድ ገደማ ዝምታ ነው። ከሰላምታው በኋላ ሁሉም ነገር ይሮጣል። ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ሰርቨሩ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የእያንዳንዱን እንግዳ አይፒ አድራሻ ወደ ስም ለመተርጎም የስም ሰርቨር ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው የስም ሰርቨር ግን ከአገልግሎት ከወጣ ቆይቷል። ሊኑክስ አንድ የስም ጥያቄ ካልተመለሰለት ሳይነካ ከተተወ አምስት ሰከንድ ይጠብቅና ደግሞ ይሞክራል። አምስት እና አምስት አሥር ነው። ትልቅ ፋይል የሚጭን ሰው አሥር ሰከንዱን አያስተውለውም። በየደቂቃው እየገባ ትንሽ ፋይል የሚጥል ፕሮግራም ግን ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል።

ትንሽ ፋይል ካነሣሁ አይቀር እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ ነውና። እስቲ አብረን እናስላ። 10,000 ፋይሎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎባይት። ጠቅላላው 20 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ 20 ሜጋባይት ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። አሁን ግን ኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያደርገውን ቁጠሩ። የዳታ ፖርት ጠይቆ መልስ ማግኘት አንድ ምልልስ ነው፤ የቲሲፒ ግንኙነት መክፈት ሌላ ምልልስ ነው፤ ፋይሉን ጠይቆ መቀበል ሦስተኛ ምልልስ ነው። የአንድ ምልልስ ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ከሆነ አንድ ፋይል ቢያንስ 150 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በ10,000 አባዙት፤ 1,500 ሰከንድ፣ ማለትም 25 ደቂቃ! መስመሩ ባዶ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው፣ ዲስኩ ሥራ ፈት ነው፣ ሥራው ግን 25 ደቂቃ ይወስዳል። መስመር ብትጨምሩ አንዲት ሰከንድ አትቀንስም። ፋይሎቹን በአንድ ጥቅል ጨምቆ መላክ ወይም በርከት ያሉ ግንኙነቶችን ጎን ለጎን መክፈት ግን ሁኔታውን ይለውጠዋል። ስለዚህ ሲለኩ በሜጋባይት ብቻ የሚለኩ ሰዎች ግማሹን ነገር ያጣሉ፤ በሰከንድ ስንት ፋይል እንደሚያልቅም መለካት አለበት።

ለትልልቅ ፋይሎችስ? እዚያም ርቀት የራሱ ሕግ አለው። ቲሲፒ ማረጋገጫ ሳይመጣለት ሊልክ የሚችለው መጠን ውሱን ነው፤ መስኮት እንለዋለን። መስኮቱ 64 ኪሎባይት ላይ ከቆመ እና የምልልሱ ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ መስመሩ አንድ ጊጋቢት ቢሆንም አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከአምስት ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። መስኮቱን የሚያሰፋው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርኤፍሲ 1323 ተደንግጓል፤ ዘመናዊ ሲስተሞች ሁሉ ያውቁታል፤ ነገር ግን መሃል ላይ ያለ ያረጀ መሣሪያ ወይም በሰርቨሩ ላይ በእጅ የተቀመጠ ትንሽ የቋት መጠን ዛሬም ያንቀዋል። ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ማቲስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ቀመር መሠረት የተለመደው የቲሲፒ ፍጥነት ከፓኬት መጥፋት መጠን ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፤ መጥፋቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው የምልልስ ጊዜ እና የፓኬት መጥፋት ከዝውውሩ ፍጥነት ጋር በአንድ ገጽ ላይ መታየት ያለባቸው።

የሰርቨሩን የውስጥ ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ታውቁታላችሁና። ዲስክ ሲጨናነቅ የሚታየው በፕሮሰሰር ግራፍ ላይ ሳይሆን በዲስክ የጥበቃ ጊዜ ላይ ነው። ኤስኤፍቲፒ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ኤስኤፍቲፒ የኤስኤስኤች፣ ማለትም የተመሰጠረው የርቀት መግቢያ ፕሮቶኮል፣ ቤተሰብ ነው፣ በፖርት 22 በአንድ ግንኙነት ብቻ ይሠራል፣ ሁሉንም ያመሰጥራል። የአንድ ዝውውር ምስጠራ በአብዛኛው የሚያርፈው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው። ባለ 16 ኮር ሰርቨር ላይ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሳለ የአማካዩ ግራፍ ስድስት በመቶ ያህል ብቻ ያሳያችኋል። የእያንዳንዱን ኮር ለየብቻ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ከየት ሆነን፣ በምን እንለካ?

የተለመዱት የመከታተያ መሣሪያዎች ያልኩትን ሁሉ መለካት ይችላሉ። ዛቢክስ አለ፣ ናጊዮስ አለ፣ ፒአርቲጂ አለ፣ ፕሮሜቴየስ ከግራፋና ጋር አለ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የምታውቁት ይሻላል። ችግሩ ያለው ሳይነኩ የተተዉ ቅንብሮች ላይ ነው። ለምሳሌ በዛቢክስ ውስጥ ያለው ቀላሉ የኤፍቲፒ ፍተሻ ግንኙነት ከፍቶ 220 መምጣቱን ያያል፣ ከዚያ ተሰናብቶ ይወጣል። ይህ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን ይነግራችኋል። ዲስኩ ሞልቶ አንድም ፋይል የማይቀበል ሰርቨር ግን 220 ብሎ በትሕትና ሰላም ይላችኋል! የዳታ ፖርቶቹ በፋየርዎል የተዘጉበት ሰርቨርም እንዲሁ።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሁሉ የሚስማማበትን ልንገራችሁ፤ እንደ ተጠቃሚ ሆኖ የሚሠራ ፍተሻ አዘጋጁ። ፍተሻው ይግባ፣ ፋይል ይጫን፣ መልሶ ያውርድ፣ የወረደውን ከተጫነው ጋር በሐሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ያስተያይ፣ ይሰርዝ፣ ይውጣ። ከርል የሚባለው መሣሪያ የስም መፍቻውን፣ የግንኙነቱን፣ የመጀመሪያውን ባይት እና የጠቅላላውን ጊዜ ለየብቻ ይሰጣችኋል፤ አጭር ስክሪፕት ጽፋችሁ ውጤቱን ወደ መከታተያ ሶፍትዌሩ ማስገባት ነው።

ስክሪፕቱን ስትጽፉ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የመሞከሪያው ፋይል በዜሮ የተሞላ አይሁን፤ መሃል ላይ ዳታ የሚጨምቅ መሣሪያ ካለ የሌለ ፍጥነት ያሳያችኋል። በዘፈቀደ የተፈጠረ ይዘት ይኑረው። መጠኑም እጅግ አይነስ፤ ቲሲፒ በዝግታ ጀምሮ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ትንሽ ፋይል ሙሉ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ያልቃል። እጅግም አይብዛ፤ በየአምስት ደቂቃው ትልቅ ፋይል የሚጭን ፍተሻ ራሱ የሰርቨሩ ሸክም ይሆናል። እኔ ሁለት ፍተሻ እመርጣለሁ፤ ትንሹን ደጋግሞ፣ ትልቁን አልፎ አልፎ። ለፍተሻው የተለየ የተጠቃሚ ስም ስጡት፤ ከራሱ ማውጫ ሌላ የትም መድረስ የማይችል። ንጹሕ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳያመሰጥር በመስመር ላይ ስለሚያሳልፍ በዚያ ስም ሌላ ነገር መክፈት መቻል የለበትም።

ከየት ይለካ? ይህ ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው። ፍተሻው ከሰርቨሩ አጠገብ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ካለ ማሽን ብቻ የሚነሣ ከሆነ ተጠቃሚው የሚያልፍበትን መንገድ፣ ፋየርዎሉን፣ ርቀቱን ሁሉ ዘሎታል። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሰርቨሩ ጎን፣ ሌላው ተጠቃሚዎቹ ባሉበት። ጎን ያለው ጥሩ ሆኖ የሩቁ ከተበላሸ መንገዱን ፈልጉ፤ ሁለቱም ከተበላሹ ሰርቨሩን ክፈቱ። ይህች ቀላል ክፍፍል ብቻ ስንት የስብሰባ ሰዓት እንደምታድን እኔ ምስክር ነኝ።

የኔትወርክ መሣሪያዎች በኤስኤንኤምፒ ፕሮቶኮል ለመከታተያ ሶፍትዌሩ ስለሚሰጧቸው ቆጣሪዎችም አንድ ነገር ልጨምር። በስዊች እና በራውተር ላይ ያለው የቀድሞው የባይት ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ነው፤ 4,294,967,295 ደርሶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በአንድ ጊጋቢት መስመር ላይ፣ መስመሩ ሙሉ ከሆነ፣ ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ገደማ ነው! በየአምስት ደቂቃው የሚያነብ ሶፍትዌር በመካከሉ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ እናንተም መስመሩ ባዶ ነው ትላላችሁ። ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ መሣሪያዎቻችሁ አላቸው። ዛሬ ማታ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ እባካችሁ።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን እንዴት እናንብብ?

አማካይን አትመኑ። 100 ዝውውሮች አሉ እንበል፤ 90ዎቹ በሁለት ሰከንድ አለቁ፣ አሥሩ 120 ሰከንድ ፈጁ። አማካዩ 13.8 ሰከንድ ነው። 13.8 ሰከንድ የጠበቀ ሰው ከመካከላቸው አለ? አንድም የለም። ይህ ቁጥር የማንንም ገጠመኝ አይናገርም። በዚህ ፈንታ መሃለኛውን፣ ማለትም ግማሹ ከበታቹ የሚያርፈውን፣ እና 95ኛውን ፐርሰንታይል፣ ማለትም 95 በመቶው ከበታቹ የሚያርፈውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። መሃለኛው ሁለት ሰከንድ ይላችኋል፣ 95ኛው 120 ይላችኋል፤ ሁለቱ ሲራራቁ ከተጠቃሚዎቻችሁ መካከል የሚሠቃይ ቡድን እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ ያ ቡድን ማን ነው፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ያህል ፋይል እያላችሁ ትለያላችሁ።

ጊዜም እንዲሁ ያታልላል። መስመሩ ለ30 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ ቀሪውን ባዶ ቢሆን፣ በአምስት ደቂቃ አማካይ ላይ የሚታየው 10 በመቶ ነው። በዚያች 30 ሰከንድ ውስጥ ፓኬት ጠፍቷል፣ ዝውውር ተቋርጧል፤ ግራፉ ግን ምንም አላየም። ብዙ የመከታተያ ሶፍትዌሮች ደግሞ ያረጀ መረጃን ቦታ ለመቆጠብ በረዘመ ጊዜ አማካይ ይተኩታል፤ ባለፈው ወር የታየው ከፍታ በዚህ ወር ስታዩት ጎብጦ ተኝቷል። ከአማካዩ ጋር ከፍተኛውንም እንዲያስቀምጥ አድርጉት። የሁሉንም ማሽኖች ሰዓት ደግሞ በኤንቲፒ፣ በኔትወርክ ሰዓት ማስተካከያው ፕሮቶኮል፣ አስተካክሉ፤ የሰርቨሩ እና የክላየንቱ መዝገብ በሦስት ደቂቃ ከተለያዩ፣ ያ የነገርኳችሁን የሌሊት ፋይል ታሪክ መፍታት አይቻልም ነበር።

ስለ ቢት እና ባይትም በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ አንድ ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፣ ከፓኬት ራስጌዎች በኋላ ለፋይሉ የሚተርፈው 118 ገደማ ነው፤ "ጊጋቢት ገዝተን መቶ ብቻ አገኘን" ብሎ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት ይህ ይታሰብ።

ማንቂያን በተመለከተ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው። ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ማንቂያ ፋይል ካለመድረሱ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ፕሮሰሰር 90 በመቶ ደረሰ ተብሎ ሰው አይቀስቀስ፤ ፋይሎች በሰዓቱ እያለቁ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚቀሰቅሱት እነዚህ ይሁኑ፦ እንደ ተጠቃሚ የሚሠራው ፍተሻ በተከታታይ ሲወድቅ፤ ያልተጠናቀቁ ዝውውሮች ድርሻ ከተለመደው ሲያልፍ፤ እና ከሁሉም በላይ፣ መምጣት የነበረበት ፋይል ሳይመጣ ሲቀር። የመጨረሻው ስንት ቦታ ይረሳል! ላኪው ፕሮግራም ከቆመ ሰርቨራችሁ ላይ ስህተት አይመዘገብም፤ ግንኙነት አልተከፈተም፣ ኮድ አልተመለሰም፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ነው። "ይህ ፋይል እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካልገባ ንገረኝ" የሚል ፍተሻ ካልጻፋችሁ ነገሩን የምትሰሙት ጠዋት ከተጠቃሚው አፍ ነው።

"የተለመደው" ስል ደግሞ የእናንተው የተለመደ ማለቴ ነው። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ገደብ አትጠቀሙ። ማንቂያ ከማስቀመጣችሁ በፊት የወር መዝጊያውን ጨምሮ ጥቂት ሳምንታት ዝም ብላችሁ ለኩ፤ የሰኞ ጠዋት እና የእሑድ ሌሊት መልክ ይለያያል፣ ሁለቱም ጤናማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከየት እንጀምር የምትሉ ካላችሁ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሥራ ይበቃችኋል። የዝውውር መዝገቡን አብሩ፣ ወደ መከታተያ ሶፍትዌሩም አስገቡ። አንድ እንደ ተጠቃሚ የሚሠራ ፍተሻ ከሩቁ ወገን አቁሙ። በየሌሊቱ የግድ መድረስ ያለባቸውን ፋይሎች ስም እና ሰዓት ከባለቤቶቻቸው ጠይቃችሁ ጻፉ። ይህን ሦስተኛውን ለብቻችሁ አትሥሩት፤ ፋይሉ ሲዘገይ የሚጎዳውን ሰው አግኝታችሁ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። ከእኛ ሰሌዳ ላይ የሌለ ብዙ ነገር ያውቃል።

ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከሥራ ቦታችሁ ያልተፈታ ግራፍ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወደፊት ቅረቡ፤ አብረን እንየው።